ትዕግሥት ደምበጫ ላይ ልታየን መጣች

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9 ቀን 2004 ዓ.ም.
ደብረ ማርቆስ

ዛሬ የሙዚቃ ባንዳችን ደምበጫ ወጣት ማዕከል አዳራሽ ተጫወተ። ከማርቆስ ውጭ ስንጫወት ይህ የመጀመሪያችን ነው። የበገናን ቅኝት ፓንክ ከሚባለው የፈረንጅ ሮክ ጩኸት ጋር እንደምንደባልቅ ስንናገር ሰዉ ሳቀ። በሦስተኛው ዘፈን ግን ወጣቶቹ ወንበሩን ገፍተው ይዘሉ ጀመር። ድራም የሚመታው ሙሉቀን ፊቱ በራ። እኔ ጊታሬን እየመታሁ በሩን በሩን አያለሁ።

ትዕግሥት ባንዱን አብራኝ የመሠረተች ዘፋኛችን ነበረች። አግብታ ደምበጫ ከገባች ሁለት ዓመት ሆናት። ለመጨረሻው ዘፈን ስንደርስ ልጇን አዝላ ገባችና ከኋላ ቆመች።

ስንጨርስ ሄጄ፣ «አንድ ዘፈን እንኳ አብረሽን ብትዘፍኚ ምን ነበረበት?» አልኳት።

«ልጁ ይደነግጥብኛል» አለች። ልጁ ያን ሁሉ ጩኸት ተኝቶበታል። አየነውና ሁለታችንም ሳቅን።

«የአሁኑ ዘፈን ግጥም የማን ነው?»

«የኔ።»

«ለማን ጻፍከው?»

ለሷ ነው የጻፍኩት። «እንዲሁ ነው» አልኳት።

«ያምራል» አለች። ባሏ ሱቅ ውስጥ ብቻውን እንደሆነ ነግራኝ ሄደች።

ስንመለስ ሙሉቀን መንገዱን ሙሉ ስለ ባሕር ዳር አወራ፤ እዚያም ጠርተውናል። ስንት ዓመት የተመኘነው ነገር ነው፣ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ የማስበው ግን ሌላ ነው። በዚያ ዘፈን መሃል የትዕግሥት ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ግጥሙን ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም። ምን እያለች ይሆን?