ስለ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ፦ ለስልክ ኩባንያችን የደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰንብተዋል? በዚህ ክፉ ወረርሽኝ ዘመን እርስዎም ቤተሰብዎም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የመሥሪያ ቤትዎ ሰዓት፣ ደኅና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። ሕይወት ተመስገን እባላለሁ፤ በዚህ ዓረብ አገር፣ ባያን በሚባለው ሰፈር የቤት ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቴ ቢተው ሱራ በሚባለው ሌላ ሰፈር ሹፌር ነው። ሁለታችንም ደንበኞችዎ ነን። በዓረብኛ ሁለት ጊዜ፣ በእንግሊዝኛ አንድ ጊዜ አስጽፌ መልስ ስላጣሁ፣ ይህን እንደ ልቤ በምናደድበት ቋንቋ ጽፌ የአገሬ ልጆች በሚያነቡት ገጽ ላይ ላወጣው ነው።

የምለምንዎ አንድ መስመር ነው። የዛሬ ሁለት ሳምንት ሰኞ በሳልሚያ፣ በሱራና በባያን የስልካችሁ ሰዓት አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቶ እንደ ነበር የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት አንድ መስመር። እስከ ሐሙስ ካልደረሰ ቢተው ሰዓት እላፊ ጥሰሃል ተብሎ ወደ አገር ቤት ይጠረዛል።

አንደኛ፦ በዚያ ሰኞ የቢተው አሠሪ ማዳም መርየም የእናታቸው የስኳር መድኃኒት አልቆ ወደ ሳልሚያ ላኩት። ፋርማሲው በር ላይ ሰው ተራርቆ ተሰልፏል። ቢተው ከደሴ ይዟት የመጣ፣ ጠዋት ጠዋት የሚሞላት የእጅ ሰዓት አለችው፤ እስከ ዛሬ በአገራችን አቆጣጠር ነው የምትሄደው። ከሰልፉ ደወለልኝ። የእጁ ሰዓት አሥር ከአርባ ዘጠኝ፣ ማለትም በዚህ አገር አቆጣጠር አራት ከአርባ ዘጠኝ፣ ሆኗል ትላለች፣ ስልኩ ግን ገና አራት ተኩል ነው ይላል፣ የቱን ልመን አለኝ። የእኔንም ስልክ ባየው አራት ተኩል ነው። ያቺን ቆርቆሮ ጣላት፣ ስልክ እኮ ሰዓቱን የሚቀበለው ከኩባንያው ነው፣ ሰዓት እላፊው አምስት ሰዓት ላይ እስኪገባ ገና ግማሽ ሰዓት አለህ፣ መድኃኒቱን ሳትይዝ እንዳትመለስ አልኩት። እናንተን እንዲህ ያመነ ደንበኛ ከእኔ ሌላ መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ሱራ መግቢያ ላይ ፖሊስ ሲያስቆመው አምስት ሰዓት ከሰባት ነበር። ሰዓት እላፊው ከገባ ሰባት ደቂቃ ሆኖታል ማለት ነው። ስልኩ አራት ከአርባ ስምንት፣ የእጁ ሰዓት አሥራ አንድ ከሰባት። ፖሊሱ ሁለቱንም አየና፣ ይህ ሰውዬ አንዱን ለመዋሻ አንዱን ለመቀለጃ ነው የያዘው ብሎ ወሰደው። ደቂቃዋን ልብ ይበሉልኝ፣ ክቡር ሆይ። የደሴዋ ቆርቆሮ ከፖሊሱ ጋር አንድም ደቂቃ አልተለያየችም።

ሁለተኛ፦ ማዳም መርየም፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ ጣቢያ ድረስ ሄደው ተከራከሩ። መኮንኑም ደግ ሰው ነበር፤ ኩባንያው ስህተቱን በጽሑፍ ካረጋገጠ ጉዳዩን እንደገና አየዋለሁ አላቸው። ደስ ብሎኝ ደወልኩላችሁ። የስልክን ሰዓት ማስተካከል የደንበኛው ኃላፊነት ነው ተባልኩ። እሺ፣ ይሁን። ታዲያ በዚያው ሳምንት ረቡዕ «በአካባቢዎ የኔትወርክ መሣሪያዎች ላይ የሰዓት ማመሳሰል ጥገና ስላጠናቀቅን ስልክዎን አጥፍተው ያብሩ» ብሎ ለሁላችን የላከው ማን ነው? የሦስት ሰፈር ሕዝብ ተማክሮ ነው ሰዓቱን ወደ ኋላ የጎተተው?

ሦስተኛ፦ ከቴክኒሻኖቻችሁ አንዱ፣ ስሙን ብነግርዎ እንጀራውን ስለምትነጥቁት አልነግርዎትም፣ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ አስረድቶኛል። የኔትወርክ መሣሪያ ሰዓትን ከራሱ አያውቅም፤ የታችኛው የላይኛውን፣ የላይኛው ደግሞ ዋናውን ሰዓት እየጠየቀ ነው የሚሄደው። ያን ሰኞ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የእኛን ሰፈሮች የሚያገለግለው መሣሪያ ማንንም ሳይጠይቅ በገዛ ሰዓቱ ሥራ ጀመረ፤ እስከ ረቡዕም ዞር ብሎ ያየው የለም። እኔ እዚህ አገር ዘጠኝ ዓመት ስኖር የራሴን ማዳም ሳልጠይቅ ቆሻሻ ለመድፋት እንኳ ከበር ወጥቼ አላውቅም፤ በመሣሪያችሁ ነፃነት ቀናሁ።

አራተኛ የሚባለው ክስ በራሴ ላይ ነው። ቢተው የእጁን ሰዓት ሊያምን ነበር፤ የከለከልኩት እኔ ነኝ። ከታሰረበት በሰው ስልክ ሲደውል አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ለእናንተ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ምንም ላትሆን ትችላለች፣ የሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ነውና። ለእኔ ግን ዓርብ ዓርብ እየተገናኘን ያቆየነው ትዳር ነው።

ስለ ዝምታዎ፣ በየጥሪው ስላሰማችሁኝ ረጅም ሙዚቃ፣ አቤቱታዬን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስላንሸራሸራችሁልኝም ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አንድ መስመር ለመጻፍ የሚበቃ ጊዜ ፈጣሪ እንዲሰጥዎ እየለመንኩ፣ በመልእክቶቻችሁ ሁሉ «ውድ ደንበኛ» የምትባለው አክባሪዎ፣

ሕይወት ተመስገን
ባያን፣ መጋቢት 2013 ዓ.ም.

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ሳላወጣው ሐሙስ ደረሰ፤ ቢተውን ዛሬ ጠዋት አሳፈሩት። ስልኩን ማዳም መርየም ለእኔ ሰጥተውኛል። ቀትር ላይ ከእናንተ መልእክት ገባበት፤ «ውድ ደንበኛችን፣ በሰዓት እላፊ ቤትዎ ስለሚቆዩልን እናመሰግናለን» ይላል። ደሴ ቤቱ ሲገባ ምስጋናችሁን አደርስለታለሁ።