አውድማው የልጆች ነው

ኅዳር 13 ቀን 1932፣ ረፋድ
ፊደል አስቆጥሬ ለቀቅኋቸው። እንደ ፍየል ጠቦት ተበተኑ። ትርንጎ ግን ዛሬም ወደቀች። አንዱ ምርኩዟ የመሬቱ ስንጥቅ ውስጥ እስከ ግማሹ ገባ፣ ተሰነቀረ፣ እሷም በፊቷ ተደፋች። በዚህ ሳምንት ሦስተኛዋ። ይኸ የሽንፋ ዋልካ አፈር ክረምት ጭቃ፣ በጋ ንቃቃት፤ ለደህና እግርም አይመች፣ እንኳን ትኩሳት ላሰለለው እግር!

አንስቼ ግራሯ ሥር፣ ከሰሌኗ ላይ አስቀመጥኋት። የልጆቹን ነጠላና የምሳ አገልግል እንደ ወትሮው ጠብቂ አልኋት። ደብተሬ፣ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «የኔታ፣ እኔ ዕቃ ቤት ነኝ?» የአሥር ዓመት ልጅ! ሁለት ዓመት ሙሉ ጠባቂ ሳደርጋት የራራሁላት መስሎኝ ነበር። አይ የኔ ነገር!

ኅዳር 14፣ ጧት
እናቷ ወ/ሮ አንጓች መጣች። ባሏን ጣሊያን ለመንገድ ሥራ ከወሰደባት ወዲህ ብቻዋን ናት። ነገሯ አጭር ነው፦ ልጄ ት/ቤት የምትመጣው ለመቀመጥና ለመውደቅ ከሆነ፣ ቤቷም መቀመጥ ትችላለች፤ ጥጥ ትፈትልልኛለች። እስከ ገና አያለሁ አለች። ነገሩ ካልተለወጠ ከገና በኋላ አትመጣም።

ከአርባው ልጅ እንደ ትርንጎ የሚያነብ የለኝም። ዳዊት ልትጀምር ምን ቀራት! ተናደድሁ። በማን? በራሴ ነዋ።

ኅዳር 17፣ ከሰዓት በኋላ
አገኘሁት!

በጎረቤታችን በአያ በላይ ማሳ በኩል ሳልፍ ወ/ሮ አንጓች ቃርሚያ ትለቅማለች። ትርንጎ ደግሞ ሰው ያላያት መስሏት አውድማቸው ላይ ወጥታለች። አዲስ የተለቀለቀ፣ ደልዳላ፣ አንድ ስንጥቅ የሌለው። በሁለቱ ምርኩዞቿ ከዳር እስከ ዳር ውልብ! ዞራ ደግሞ ውልብ! ለካ ችግሩ እግሯ ብቻ አይደለም፣ መሬቱም ነው። ለካ ፈጣን ናት።

አያ በላይ አዩና ጮኹባት። አውድማ የእህል ነው፣ ልጅ አይጫወትበትም። እውነታቸውን ነው፣ ያገር ደንብ ነው። እሺ። ት/ቤቱም የራሱ አውድማ ይኖረዋል።

ኅዳር 20፣ ማታ ገና ሳይጨልም
ወገቤ ተቆረጠ። ልጆቹ ከኩይሳ ላይ አፈር እየቆፈሩ ያመጣሉ፣ እናቶች ከወንዝ ውሃ ይቀዳሉ። ስንጥቁን እንሞላለን፣ እናርሳለን፣ እንረግጣለን። ትርንጎ ተቀምጣ በዱላ ትደበድባለች። የቀረ ቀዳዳ ካለ እሷ ናት የምታገኘው፤ የወደቀችበትን ሁሉ ታውቀዋላ።

መንደሩ ይስቃል። ለአንዲት ልጅ ይኸ ሁሉ? አዎ፣ ለአንዲት ልጅ! ምነው፣ አነሰች? የጣሊያን ካሚዮን ቆሞ ወታደሮቹ ሲያዩን ጀርባዬን ሰጥቼ እበቴን አቦካሁ።

ታኅሣሥ 2፣ ከሰዓት በኋላ
አለቀ። ሦስት ጊዜ ተለቀለቀ፣ ደረቀ፣ እጅ አያቆሽሽም። ሦስት ጊዜ ዞሬ ጸሎት አደረስሁ፣ መሐሉ ላይ በአመድ መስቀል አሰመርሁ። አባቴ አውድማውን እንደዚያ ነበር የሚባርከው። እጄ ሌላ አያውቅም።

ከዚያ አባሮሽ። ሕጉን ያወጣችው ትርንጎ ናት፦ አባራሪውም ተባራሪውም በአንድ እግሩ እንጣጥ ይበል፣ እሷ በሁለት ምርኩዟ። ሁሉንም ያዘቻቸው! ያ ጎረምሳ ካሳ እንኳ አላመለጣትም። «እንደገና!» እያለች ትጮኻለች። ነጠላውን ሁሉ ግራሯ ላይ ሰቀልነው፤ ጠባቂ የለም።

አለቀስሁ ደብተሬ። ይጻፍ፣ አላፍርም።

ታኅሣሥ 5፣ ማለዳ
ጉድ! አውድማችን ላይ ማሽላ ተከምሯል። የዛላው ክምር ከሰው ቁመት ይበልጣል። አያ በላይ ከጎኑ ቆመው ደስ ብሏቸው ይጠብቁኛል። ዘንድሮ ምርቱ በዛ፣ የሳቸው አውድማ ጠበባቸው። የተባረከ አውድማ ባዶውን ሲያድር አይተው አዘኑልኝ። ነውር ነው፣ እህል ላሳድርበት ብዬ ነው አሉ። ሰውዬው እኮ ከልባቸው ነው! ውለታ የዋሉልኝ መስሏቸዋል።

ልጆቹ ዳር ቆሙ። ትርንጎ ግን አልቆመችም። ምርኩዟን አዙራ ሄደች።

ታኅሣሥ 7፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ
ሽማግሌ ተቀመጠ። አውድማ ላይ የወጣ እህል ሳይወቃ አይነሳም፣ በረከቱ ይሸሻል አሉ። ደግሞስ እንደ አውድማ የለቀለቅኸው፣ እንደ አውድማ የባረክኸው አንተ አይደለህ? ነኝ። እዚህ ላይ ረቱኝ። ስሕተቱ የኔ ነው።

ልጆቹ እስከ ጥር ቢታገሡ ምን አለበት አሉ። ለነሱ አንድ ወር ነው። ለትርንጎ ግን የገና በዓል መጨረሻዋ ነው፤ እሱን ነገርኋቸው። አንዱ ዝም አይነቅዝም ብሎ መከረኝ። እኔ ሁለት ዓመት ዝም ብዬ ነቅዣለሁ! የባረክሁት እኔ ነኝ፣ ለማን እንደባረክሁትም የማውቀው እኔ ነኝ አልኋቸው። አኮረፉ። ያኩርፉ። ወይ ፍንክች!

ታኅሣሥ 8፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
ትርንጎ ዛሬም ቀረች። ቤታቸው ሄድሁ። እንዝርት ይዛለች። ቀና ብላም አላየችኝ። ለእናቷ ቁርጡን ነገርኋት፦ ነገ ማለዳ ከልጆቹ ጋር ማሽላውን አንስቼ አያ በላይ አውድማ ዳር አደርሰዋለሁ፣ አንዲት ዛላ አትጎድልም። በረከት ከሸሸም በኔ ይሁን። ቢያወግዙኝም እሰማለሁ፣ ግን እየተሸከምሁ ነው የምሰማቸው።

ወ/ሮ አንጓች ፊቷ አይነበብ፣ ምን እንዳሰበች በምን ልወቅ? ጓዳ ገባች። ሁለት ስልቻ ይዛ ወጣች። አንዱ ትልቅ። ትንሹ ላይ እዚያው ተቀምጣ ጠፍር ሰፋችበት፤ እጅ ሳይዘው ጀርባ ላይ እንዲታዘል። አምጥታ ትርንጎ ጭን ላይ ጣለችው። የኔታ፣ ማንም ሳይነካው በፊት እኛ እንጀምራለን አለችኝ።

ትርንጎ እንዝርቱን አስቀመጠች። ስልቻውን አዘለችና ጠፍሩን አጠበቀች፣ ደግሞ አጠበቀች።

ቆርጫለሁ። ነገ ጎሕ ሲቀድ አርባውም ልጆች ይመጣሉ። አያ በላይ ቢመጡ ይምጡ፣ ሽማግሌውም ይምጣ። የመጀመሪያዋ ዛላ በትርንጎ ጀርባ ትወጣለች።