የመረጥኩት አራተኛው ብርጭቆ

ኦፓል፣

በሩ ላይ የለጠፍኩት ሳትገቢ እንድታነቢው ነው። መስኮቶቹን ሁሉ ክፈቺና ራስሽ አሽትቺ። እስከዚያ ምንም እንዳትለኩሺ።

ቅዳሜ የቡርበን ውስኪ ማኅበራችን አምስት ብርጭቆ ደረደረልን፤ ሳንቀምስ፣ አሽትተን ብቻ የምንወደውን እንድንመርጥ። እኔ አራተኛውን አነሳሁና "የካራሜሉ ሽታ ልዩ ነው" አልኩ፣ እንደ ወትሮዬ።

ብርጭቆዎቹን የደረደረው ሆባርት በሳቅ ፈረሰ። "ናዲንዬ፣ እሱ እኮ ቀዝቃዛ ሻይ ነው። ለቀልድ ነው የጨመርኩት።"

ሁሉም አውቄ የቀለድኩ መሰላቸው። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

አልቀለድኩም። ባለፈው ከያዘኝ ጉንፋን ወዲህ ምንም አይሸተኝም፤ ኮምጣጤውም ሽንኩርቱም ያው ነው።

ዛሬ ጠዋት ክብሪት ልጭር ስል የምድጃው ጋዝ ሲያፏጭ ሰማሁ። ጆሮዬ ነው ያተረፈኝ። ዘግቼዋለሁ፤ ቤት ውስጥ የቀረ ይኑር አይኑር ግን አላውቅም።

ባቄላው አሯል ስትዪኝ "አቃቂር አውጪ" ብዬ ሦስት ቀን አኮረፍኩሽ።
ያው፣ አልሸተተኝም ነበር።

ዛሬ የማኅበሩ የውስኪ በርሜል የሚመረጥበት ቀን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በእኔ አፍንጫ ነው የመረጡት፤ አሁንም መጋዘኑ በር ላይ እየጠበቁኝ ነው። እኔ ግን ሉዊቪል ከተማ ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ።

ሆባርት ከደወለ እውነቱን ንገሪልኝ። ሦስቴ ስልኩን አንስቼ አቃተኝ። ሌላ ሰው ያሽትትላቸው።

ናዲን