ሲስተር መርዝ አልመረዘችም

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ስብሰባ ላይ ካልሆኑ፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ ለቢሮዎ ሰላም፣ ለበር ጠባቂዎ ደግሞ ብርታት እመኛለሁ፤ የመጨረሻውን የጨመርኩት ሰውዬው «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለ ደጋግሞ ሲመልሰኝ ድምፁ እየሰለለ መምጣቱን ስላስተዋልኩ ነው። እኔም ስለ እኔ ከጠየቁ ደህና ነኝ፤ ደከመኝ እንጂ አልታመምኩም። ደብዳቤውን በጋዜጣ ያወጣሁትም ክቡርነትዎን ለማሳጣት እንዳይመስልዎ፤ ጋዜጣ እንደሚያነቡ ጸሐፊዎ ስለነገረችኝ ብቻ ነው።

ስሜን ላያውቁት ይችላሉ፣ ፊቴን ግን ያውቁታል። በፈረንጆቹ አዲስ ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ ቴሌቪዥን ሁሉ ከኋላው ጉብ ያለ በነበረበት፣ አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴና ሲያዞር ሌላው ከታች ሆኖ «መጣ! ኧረ ሄደ!» በሚልበት በዚያ ዘመን፣ ጣቢያዎ እሁድ እሁድ ያሳየው የነበረውን ተከታታይ ድራማ ያስታውሱ ይሆናል። የራሱ ስም ነበረው፤ ነገር ግን «የእሁዱ ድራማ» ከማለት በቀር በስሙ የጠራው ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። በዚያ ድራማ ውስጥ የታመመውን ሀብታም የእንጨት ነጋዴ ቤቱ ድረስ መጥታ የምታስታምመው፣ ማንም ሳያያት ከራስጌው ባለው ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነጭ ዱቄት የምትጨምረው ነርስ እኔ ነበርኩ። እጄ ብርጭቆው ላይ ሲደርስ የሚመጣውን ሙዚቃ ዛሬም የሚያፏጩት ሰዎች አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያፏጩት እኔ ሳልፍ ነው። ነርሷ በድራማው ውስጥ ደህና ስም ነበራት። ሕዝቡ ግን «ሲስተር መርዝ» አላት፤ እሷን ብሎም አልበቃው፣ እኔንም አለኝ።

ዱቄቱ የተፈጨ ስኳር ነበር። በታሪኩ ደግሞ ማርከሻ ነበር። በመጨረሻው ክፍል እንደሚታየው ነጋዴውን ቀስ በቀስ ሲመርዘው የኖረው የገዛ ወንድሙ ነው፤ ነርሷ ይህን ደርሳበት፣ ብናገር ማን ያምነኛል ብላ፣ በድብቅ ማርከሻውን እየጨመረች ሰውዬውን ታድነዋለች። «እንደሚታየው» ስል ግን ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከምላስ ልማድ ነው። የተጫወትነውና የቀረጽነው ካልሆንን በቀር ያን ክፍል ያየው ሰው የለም። አቤቱታዬም ከዚህ ይነሳል፤ ክቡርነትዎን እንዳላደክም በተራ ቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

1ኛ. የመጨረሻው ክፍል በሚታይበት እሁድ፣ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሁሉ ቴሌቪዥን በሌለው ሰው ጢም ብሎ ሳለ፣ ጣቢያዎ ስለ ሰዓት ማክበር የተዘጋጀ ዐውደ ጥናት በቀጥታ ማስተላለፍ መረጠ። ዐውደ ጥናቱም ከተያዘለት ሰዓት አልፎ፣ የእኛን ሰዓት በልቶ፣ የዜናውንም ነክቶ አለቀ። በሚቀጥለው እሁድ ይታያል ብለን ስንጠብቅ ዳኞች የሰው ልጅ የሚያስለቅሱበት የዘፈን ውድድር ተጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ስለ እኛ የጠየቀ የለም። ከድራማችን በማያ ገጽ ላይ የቀረው የመጨረሻ ቃል «ይቀጥላል» የሚለው ነው። ይኸው ሃያ ዓመት አለፈው፣ አልዋሹም፣ ቀጥሏል። ይህ በክቡርነትዎ ዘመን እንዳልተፈጸመ አውቃለሁ፤ ሰው ቢለዋወጥም ወንበሩ ያው ስለሆነ ነው ለእርስዎ መጻፌ።

2ኛ. ጣቢያዎ ስላተረፈልኝ ስም ላመሰግን እወዳለሁ። በዚህ ስም የተነሳ እንግዳ መጥቶብኝ ቤቴ ጎድሎ አያውቅም፤ ሻይ ቀድቼ ባቀርብ አንዱ ጨጓራዬን ይላል፣ ሌላው አሁን ጠጥቼ መጣሁ ይላል፣ ጨዋው ደግሞ ተቀብሎ እስኪሄድ ድረስ በመዳፉ እያሞቀው ይቀመጣል። ሊያገባኝ የነበረውን ሰው እናቱ አስመክረው አስተዉት። ደግ ሴት ነበሩ፣ ክፉ አልተናገሩኝም፤ ልጄ አንድ ነው ብቻ አሉኝ። ነጋዴውን የተጫወተው ባልደረባዬ በየመንገዱ «አይዞህ፣ ይማርህ» እየተባለ፣ ምሳ እየተጋበዘ ወፈረ። መርዘኛውን ወንድም የተጫወተው ደግሞ በሰው ዘንድ እስካሁን ታማሚ የሚያስታምም ደግ ወንድም ስለሆነ የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው መርጠውታል። አልቀናሁበትም፣ ጥሩ ሰብሳቢ ነው።

በዚያን ጊዜ ፊት ለፊት የቆመችልኝ እናቴ ነበረች። ሴቶቹ በገበያ ሲጠቋቆሙብኝ ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ልጄ ጉንዳን አትረግጥም፣ ያላያችሁትን አታውሩ ስትል እኔ በኀፍረት ቀሚሷን እጎትት ነበር። ከእሷ በቀር ያለ መጨረሻው ክፍል ያመነኝ ሰው አልነበረም። ይህን ያነሳሁት ለሚቀጥለው አቤቱታ ስለሚያስፈልግ ነው።

3ኛ. ዘንድሮ ጣቢያዎ «ከማኅደራችን» በሚል ርዕስ የእሁዱን ድራማ እንደገና ማሳየት በመጀመሩ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። እናቴ አርጅታለች፣ መርሳትም ይዟታል። መጀመሪያ የቁልፉን ቦታ ረሳች፣ ከዚያ የወንድሜን ስም፣ ከዚያ ቀስ እያለ እኔን። በዚያ ዘመን ታሳዩን የነበሩት የውጭ ድራማዎች ትዝ ይሉዎት እንደሆነ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ አንዲት ቆንጆ ከመኪና አደጋ ተርፋ ሁሉን ትረሳና በመጨረሻው ክፍል እጮኛዋን ስታይ ትዝ ይላት ነበር። እኔም ሞኝ አይደለሁም፣ ግን ያን ሁሉ ዓመት ያየነው ነገር ሰውን የሆነ ቦታ ተስፋ ያስለምደዋል። ጠዋት ጠዋት ፊቴን ታጥቤ እገባና ቆሜ አያታለሁ። ማን ልበል ትለኛለች።

ድራማው በድጋሚ ከጀመረ ወዲህ ግን ማን እንደሆንኩ አውቃለች። እሷ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሲስተር መርዝ ብርጭቆው ውስጥ ዱቄት ስትጨምር ታያለች፤ ዞር ስትል እኔ የደም ግፊት ኪኒኗንና አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዤ ቆሜያለሁ። ክቡርነትዎ ቢሆኑ ይጠጡ ነበር? እናቴ አፏን ግጥም አድርጋ ትዘጋለች። ኪኒኑን ከጎረቤት እጅ ትወስዳለች፣ ከወንድሜ እጅ ትወስዳለች፤ እሱ ግን የጭነት መኪና ሾፌር ነውና ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ነው። አንድ ቀን ሌላ ሰው ብናጣ የመብራት ቆጣሪ አንባቢውን ለምኜው እሱ አስዋጣት፤ እግዜር ይስጠው፣ ሰውዬው አሁን ቆጣሪ በማይነበብበት ቀንም ጎራ ይላል። ሐኪሟ ያቋረጠች ቀን ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል ብሎኛል። ሰው የማይመጣበት ቀን ደግሞ ብዙ ነው።

ቴሌቪዥኑን ብታጠፊውስ የሚሉኝ አይጠፉም። አጥፍቼዋለሁ። ሰዓቱ ሲደርስ በጠፋው ፊት ትቀመጥና ያቺ ሴት ዛሬ ትያዛለች ትላለች። እኔም በልቤ አዎ፣ ትንሽ ጠብቂ፣ መጨረሻው ሲታይ ሁሉ ይገለጥልሻል እያልኩ ሰነበትኩ። የመጨረሻው ክፍል ተራ ሲደርስ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩ፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ ኪኒኑን ጭምር በእጄ ይዤ ነበር። ጣቢያዎ ስለ ጥርስ ንጽሕና አሳየን።

4ኛ. ይህን ለመጠየቅ ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጥቼ በሦስተኛው ፎቅ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎ በታላቅ ትሕትና አስተናግዶኛል። በዚያን ዘመን ባዶ ካሴት እጥረት ስለነበረ የታየ ካሴት ላይ ደርቦ መቅዳት የቤቱ አሠራር እንደነበረ አስረዳኝ፤ የእኛም የመጨረሻ ክፍል ታይቷል በሚለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ስለተገኘ ሌላ ዝግጅት ተቀድቶበታል። ምን እንደተቀዳበት ብጠይቀው ለመናገር ትንሽ አፈረ። ስለ ሰዓት ማክበር የተዘጋጀው ዐውደ ጥናት ነው፣ ሕዝቡ በድጋሚ እንዲያየው።

ካሴቱን ካላየሁ አልሄድም ብዬ ስላስቸገርኩት አሳየኝ። ዐውደ ጥናቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሁት፤ ያመለጠኝ ቁም ነገር የለም። ተሰብሳቢዎቹ አጨብጭበው ሲያበቁ ግን ሥዕሉ ተንቀጠቀጠና ከሥሩ የእኛው ሙዚቃ ብቅ አለ፣ በጥቁር ላይ በነጭ «ተፈጸመ» የሚል ቃል ታየ፣ ካሴቱም አለቀ። የዚያ ሁሉ ሰው ልፋት የቀረው እሱ ብቻ ነው። ባለሙያዎ እንባዬን ሲያይ መሐረብ ሰጠኝ፣ መልካም ልጅ ነው፣ ደመወዙን ይጨምሩለት።

እንግዲህ ጠፍቷል ካላችሁ ጠፍቷል፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ብዬ ልመናዬን አሳነስኩት። ከዜና በፊት አንዲት ዓረፍተ ነገር ትነበብልኝ አልኩ፤ «በእሁዱ ድራማ ነርሷ ንጹሕ ነበረች» የምትል። አንባቢዋ እናቴ የምታምናት ድምፅ አላት። ባለሙያዎ አጣርቼ እመለሳለሁ አለና ከበላይ አካል ያገኘውን መልስ አመጣልኝ፦ ጣቢያው ማስረጃ የሌለውን መረጃ አያስተላልፍም፤ ነርሷ ንጹሕ ስለመሆኗ ማስረጃው ካሴቱ ነው፤ ካሴቱ ከቀረበ ጥያቄው ይታያል። ለእውነት የምታደርጉት ጥንቃቄ ልቤን ነክቶታል። መርዛለች ለማለት ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ማስረጃ የጠየቀኝ አልነበረም።

ስለሆነም ክቡር ሆይ፣ ካሣ አልጠይቅም፣ ስሜንም መልሱልኝ አልልም፤ ተለማምጄዋለሁ፣ ብትወስዱብኝ ሳይደብረኝ አይቀርም። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ከሁለት ስብሰባ መካከል በምትገኘው ትርፍ ጊዜዎ ፈቅደው፣ እናቴ በሕይወት ሳለች እንዲያስነብቡልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

መዝገብ ቤትዎ እንዳይደረብበት፣ በርዎ እንዳይዘጋበት፣ ወንበርዎም ስምዎን የሚረሳ ሰው እንዳይቀመጥበት ከልብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

በአንድ ድራማ የመጨረሻ ክፍል ንጹሕ የነበረችው፣
ሲስተር መርዝ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ለጋዜጣው ሳላስረክብ አንድ እሁድ አለፈ፣ በእሱም ቀን ኪኒኑን የሚሰጥልኝ ሰው ጠፋ። ነጋዴውን የተጫወተውን ባልደረባዬን ጠራሁት። ቢጃማውን በፌስታል ይዞ፣ በከዘራ እየተደገፈ መጣ፤ ጉልበቱ አልቋል። እኔ ከፀጉር አስተካካዩ ነጭ ጋዋን ተዋስኩ። ቴሌቪዥኑን ከጠረጴዛው አውርደን ከኋላ አስቀመጥነውና እሱ በነበረበት ቦታ እኛ ሆንን። ያን የመጨረሻ ትዕይንት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወትንላት፤ ሙዚቃውንም በአፋችን። ብርጭቆውን ሲያነሳ እናቴ ከወንበሯ ብድግ ብላ አትጠጣ አለችው። እሱም ቃሉን ረስቶ ትንሽ ተደናገጠና፣ «እማማ፣ ማርከሻ ነው፤ ያዳነችኝ እሷ ናት» ብሎ ግጥም አድርጎ ጠጣው።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ እጇን ዘረጋች። ኪኒኑን ከመዳፌ ወሰደች፣ ውሃውንም ከእጄ ተቀብላ ጠጣች። ብርጭቆውን ስትመልስልኝ ጋዋኑን እየዳበሰች እንዲህ አለችኝ፦

«አይዞሽ። እኔም አንቺን የመሰለች ልጅ አለችኝ፤ ሰው ያላደረገችውን ሲያማት ኖረ። ስትመጣ አስተዋውቅሻለሁ።»

እሺ አልኳት።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የመጨረሻው ክፍል ለአንድ ተመልካች በሰዓቱ ተላልፏል። ካሴት አልያዝንም። እሷም እስኪነጋ ትረሳዋለችና ባልደረባዬ ጉልበቱ እስከቻለ ድረስ በየቀኑ በድጋሚ እናሳያለን። ማስረጃ ስለሚወዱ መጥተው በዓይንዎ ያዩ ዘንድ በአክብሮት ጋብዤዎታለሁ። ሻይ እኔ ራሴ እቀዳልዎታለሁ።