ለኦርጋኑ ቤት ስለተገኘለት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የአብያተ ክርስቲያናት ንብረት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ኦክላንድ

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ቤተሰብዎም፣ ስልክ የማያነሱት የቢሮዎ ሠራተኞችም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። የምጽፍልዎ አፕታውን ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ባለው ሕንፃዎ ከአሥር ዓመት በላይ ተከራይተው ከሚያስቀድሱት ኢትዮጵያውያን አንዱ ሆኜ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ኮሚቴ አላከኝም፤ ኮሚቴው ሲጽፍ ከዚህ ይልቅ ትሑት ነው። ልጄ ቤተልሔም ወደ እንግሊዝኛ ስትመልሰው «አባዬ፣ ቱ ማች፣ በዛ» ስላለችኝ እርስዎ ዘንድ የሚደርሰው ለስለስ ያለው ነው፤ እንዳለ የተጻፈውን ወገኖቼ በዚህ ጋዜጣ ያንብቡት።

አንደኛ፣ ስለ ኦርጋኑ አመሰግናለሁ። የእርስዎ ምእመናን ቁጥራቸው አንሶ የራሳቸው ጉባኤ ከተበተነ በኋላ፣ ሕንፃው ሊሸጥ ሲል፣ ያ ግድግዳ ሙሉ ቧንቧ ያለው የዜማ መሣሪያ ሜዳ ላይ እንዳይወድቅ ሳን ሆዜ ድረስ ሄደው ሌላ ቤተ ክርስቲያን ፈልገውለታል። ጣሪያው እንደሚበቃው አስለክተዋል፤ አየሩ እንዳይደርቅበት አስጠንተዋል። ሠራተኞቹ ከፊት ያሉትን ቧንቧዎች እንደ አራስ ልጅ በብርድ ልብስ ሲጠቀልሉ ቆሜ አይቻለሁ። እኛ ከበሮና ጸናጽል ስለሚበቃን ኦርጋን አንነካም፤ እሱም እስከ ዛሬ ግማሹ ከመጋረጃችን ፊት፣ ግማሹ ከጀርባው ሆኖ ዝም ብሎ አስቀድሷል። ክፉ አልመኝለትም።

ሁለተኛ፣ የቀሩት ቧንቧዎች ያሉት ከመጋረጃው ውስጥ ነው። እዚያ መቅደሳችን ነው፣ ታቦቱ ያለበት፤ ከካህናትና ከዲያቆናት በቀር ማንም አይገባም፣ እኔም በዕድሜዬ ገብቼ አላውቅም። የሠራተኞቹ አለቃ ይህን ሲሰማ ጫማውን አውልቆ ከመጋረጃው ውጭ በካልሲው ቆመ። ቢሮዎ ግን «ሳጥናችሁን» እስከ ዓርብ ፒክ አፕ እንድናደርግ፣ መጥተን እንድናነሣ ማለት ነው፣ ኢሜይል ላከ። ታቦት ፒክ አፕ አይደረግም፤ ካህን ተሸክሞት፣ ጥላ ተይዞለት፣ ሕዝቡ በእልልታ ተከትሎት፣ ከመቅደስ ወደ መቅደስ ይሄዳል። ይህንን ስናስረዳ መልስዎ ፈጣንና ደግ ነበር፦ ሰው ትርፍ ሶፋውን የሚያስቀምጥበት፣ ዩኒየን ሲቲ ያለ ስቶሬጅ ያዙልን። ከባቡር ጣቢያው ስለማይርቅ ለአረጋውያን እንደሚመችም ጨመሩልን። ከምእመናኖቻችን አንዷ ወይዘሮ ዕፀገነት ይህን ሲሰሙ፣ «ኦርጋኑ እግር ስለሌለው ቤት ፈለጉለት፤ እኛን ሂዱ ያሉን እግር ስላለን ነዋ» አሉ።

ሦስተኛ፣ ቅሬታዬ በራሴ ላይ ሳይሆን አይቀርም። የባለቤቴ የፀዳለ ጸሎተ ፍትሐት የተደረሰው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ነው። የሚያስጨንቀኝ የታቦቱ ነገር ነው ወይስ ሬሳዋ ለፍትሐት ያረፈበት ወለል ለባዕድ ሊሸጥ መሆኑ? ለጸሎት ቆሜ ራሴን ብጠይቅ አይለይልኝም። አንዳንዴማ የቀናሁ ይመስለኛል። በዚህ ዕድሜ በቧንቧ መቅናት ንስሐ የሚያስገባ መሆን አለመሆኑን ገና ካህናችንን ቀሲስ ፍሬምናጦስን አልጠየቅኋቸውም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ለኦርጋኑ እንደፈለጉለት ሁሉ ለታቦቱም የሚያርፍበት ቤተ ክርስቲያን ይፈልጉለት፤ እስኪገኝም ካለበት አያስነሡት። ጣሪያ ማስለካት አያስፈልግዎትም፤ እኛ ጎንበስ ማለት እናውቃለን።

ረጅም ዕድሜና ጥሩ ገዢ እየተመኘሁልዎ፣
ከሕንፃዎ ጋር ሊሸጥ ያልቻለው አክባሪዎ፣
አቤሴሎም ዘነበ

ተጨማሪ፦ ለእርስዎ ደግነት ክብር ስንል ትናንት ከቀሲስ ፍሬምናጦስ ጋር ስቶሬጁን ልናይ ሄደን ነበር። ንጹሕ ነው፤ ካሜራም አለው። በሩ ላይ ግን «ሕይወት ያለው ነገር ማሳደር ክልክል ነው» የሚል ተለጥፏል። ቀሲስ ሁለት ጊዜ አነበቡትና «እንግዲህ የእኛን አይቀበሉትም» ብለው ወደ መኪናው ተመለሱ።