ቅቤውን የጠረጠርኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጥቅምት ፮
አልመዘንም አልኩት። የጤና ረዳቱ ሚዛኑን ያስቀመጠው በረንዳ ላይ ነው፤ የሮቤ ከተማ ግማሹ በዚያ ያልፋል። ነፍሰ ጡር በሰው ፊት ተመዝና ዓይን ይግባት?
"ሁለቱን ፅንሶች የወሰደብሽ ዓይን አይመስለኝም" አለኝ። የደም ግፊቴን ለካ። ከፍ ብሏል። ውፍረት ብቻውን ምክንያት ነው አልልም፣ ግን የፅንስ መጨንገፍን አደጋ ይጨምራል አለ። ከሌላ ክፍለ ሀገር የተመደበ ለጋ ልጅ። ሲሰድበኝ ይሆን? ስድስተኛ ወሬን ይዣለሁ። እስከዚህ ደርሼ አላውቅም።

ማክሰኞ
አማቴ እማማ በዳቱ ከዲንሾ መጡ። ጭኮ ይዘዋል፣ የተቆላ ገብስ በቅቤ የታሸ፣ ቅል ሙሉ።
"ብዪ ልጄ፣ ብዪ ኢንተላ ኮ፣ ልጅ በባዶ ሆድ ያድጋል እንዴ?"
እስክጨርስ ፊቴ ቁጭ ብለው ያዩኛል። ባለፉት ሁለት እርግዝናዎችም እንዲሁ ያበሉኝ ነበር። በሁለቱም።

ረቡዕ
የቀበሌ ሱቅ፣ የስኳር ሰልፍ። ጎረቤቴ ዘነበች ጆሮዬ ሥር፣ "አማትሽ ምነው ስታረግዢ ብቻ ትመጣለች? ልጇ ሌላ እንዲያገባ ፈልጋ እንዳይሆን" አለች። ሳቅኩባት። ቤት ገብቼ ቅሉን አሸተትኩት። ቅቤ ቅቤ ይላል።
ባሌን ተሾመን እናትህ ጭኮው ውስጥ ምን ይጨምራሉ ብዬ ጠየቅኩት። "እናቴን?" አለና ጋዜጣውን ፊቱ ላይ አነሳ። እሱስ ያውቅ ይሆን?

ሐሙስ
ጭኮውን ደብቄ ለዘነበች ውሻ ሰጠሁት። ውሻው አልሞተም፤ ተከትሎኝ ገባ። ቢሆንም እሳቸው የነኩትን ሁሉ ትቻለሁ። ቀኑን በውሃ ብቻ ዋልኩ።

ዓርብ
ከጠዋት ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ጸጥ አለ። በምሠራበት ቢሮ ራሴን አዞረኝ። ባልደረቦቼ ልከውባቸው አማቴ መጡና በእህል መኪና ጭነው ጎባ ሐኪም ቤት አደረሱኝ። ተመዘንኩ፤ ጋቢያቸውን ዘርግተው ከለሉኝ። አዋላጇ ማዳመጫዋን ሆዴ ላይ አሳርፋ ቆየች። አንዱን ቦታ ትታ ሌላውን ያዘች።
"አለ። ልቡ ይመታል።" ከትናንት ጀምሮ እህል እንዳልቀመስኩ ስነግራት ተቆጣችኝ፦ "ማን ነው ፁሚ ያለሽ?"
አማቴ እየሰሙ ነገርኳት። የጠረጠርኩትን ጭምር።
"ቅቤ መርዝ አይደለም" አለች አዋላጇ። "ግን ከዚህ ውፍረትና ከዚህ ደም ግፊት ጋር ይቀነስ። መራብም የለም። በየሳምንቱ እንይሽ።"
አማቴ ወለሉን ያያሉ። እንዲህ አሉ፦ "ሰባት አርግዤ ሦስት ነው የቀሩልኝ። በእርግዝናዬ ቅቤ አይቼ አላውቅም። በረሃብ የሞቱ መስሎኝ ነው አንቺን የማበላሽ።"
አመሻሹ ላይ ሮቤ ተመለስን።

ቅዳሜ
እማማ ጎመን ቀቅለው አቀረቡ። አጠገቤ አልተቀመጡም፤ ደጅ ወጡ። ጠርቻቸው አብረን በላን።
ከሰዓት በኋላ ረገጠኝ። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። እጃቸውን ይዤ ሆዴ ላይ አኖርኩት። ያን ጊዜ ግን አልረገጠም። እሳቸውም እጃቸውን አላነሱም።