ሁለት ጊዜ ያየሁት ፊልም

ሰኞ፣ ግንቦት 4

መነጽር ቤቱ ቀዝቅዞ ዋለ። ጠዋት አንዲት ሴትዮ መደርደሪያውን ሙሉ ስትሞክር ቆይታ "ሁሉም አስቀያሚ ያደርገኛል!" ብላ ተቆጥታ ወጣች። እኔ ምን አደረግኩ? መስታወቱን አትቆጣም ነበር?

ከሰዓት በኋላ ሰዓት ሠሪው መጣ፣ የጎረቤት ሱቁ። መነጽሩ እንደገና ላልቶበታል። ባለፈው ሳምንትም ላልቶ ነበር። ከዚያ በፊትም። ብሎኗን አጠበቅኩለት፣ አመሰገነኝ፣ በሩ ላይ ትንሽ ቆም አለና ስለ ዝናቡ አወራኝ። ዝናብ የለም እኮ!

ሲወጣ ካሸሯ መሳቅ ጀመረች።

"እትዬ፣ ያ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ ካቻቢቴ ይዞ አይደል እንዴ የሚውለው?"

"እና?"

"እናማ... የሰዓት ብሎን የሚፈታ ሰው የራሱን መነጽር ማጥበቅ አቃተው?"

ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። ይህን እስከ ዛሬ እንዴት አላሰብኩትም? ስንቱን ሰው ቅርቡን እንዲያይ ሳደርግ የኖርኩ ሴትዮ...

ቤት ስገባ እማማ ሶፋው ላይ ጋደም ብለው ሬድዮ ይሰማሉ። "ምነው ፊትሽ ቀላ?" አሉኝ። ሙቀቱ ነው አልኩ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ካሸሯ ጎትታ ሲኒማ ወሰደችኝ። ሰው ሁሉ የሚያወራለት ፊልም። ወረፋው እስከ መንገዱ!

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዓለም ላይ ነፋስ ቆመ። ባሕሩ ዝም፣ ደመናው ባለበት ቀረ። አንዲት አብራሪ በግዙፍ ፊኛ ሰማይ ወጥታ ነፋሱን የዘጋውን ነገር ልትሰብር ነው። ምን እንደሆነ በደንብ አልገባኝም፤ ብቻ ትልቅ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ይፈነዳል። ወንበሬ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። እስካሁን ጆሮዬ ጭው ይላል። ግን ደስ ይላል! ደመናው መካከል ስትገባ እግሬን ከወለሉ አነሳሁ።

አንድ ነገር ብቻ... አብራሪዋ መነጽር ታደርጋለች። ሰማይ ይፈርሳል፣ ተዘቅዝቃ ትወድቃለች፣ መነጽሯ ንቅንቅ አይልም! አፍንጫዋ ላይ ተሰፍቷል? "የትኛው ቤት ነው እንዲህ የሚገጥመው?" ስላት ካሸሯ ፈንዲሻዋን እየቆረጠመች "እትዬ በናትሽ፣ ዝም ብለሽ እዪ" አለችኝ።

መጨረሻው ላይ ግን የአብራሪዋ አባት። ፊኛው የታሰረበትን ገመድ የያዙት እሳቸው ናቸው። ካልለቀቁ ልጃቸው ከዚያ በላይ አትወጣም። ከለቀቁ ብቻቸውን ይቀራሉ። ለቀቁት... ፈገግ ብለው።

ተንሰቀሰቅኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያየኝ። እማማ ናቸው ትዝ ያሉኝ። ልጃቸው፣ ባለቤቴ፣ ከሞተ ወዲህ እኔና እሳቸው ብቻ ነን። ሌላ ልጅ የላቸውም። እኔም አልወለድኩ። እኔ አንድ ቀን ብሄድስ?

ወዴት ነው ደግሞ የምሄደው? ብሎን በማጥበቅ?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

መጣ። ላልቷል።

"ያንን ፊልም አይተውታል?" አለኝ፣ ጠረጴዛውን እያየ።

"የቱን?"

"የነፋሱን።"

"አላየሁትም።" ዓይኔን በጨው አጥቤ! ካሸሯን ከኋላዬ ሳል ያዛት።

"እኔም አላየሁትም። እሁድ አብረን ብናየውስ?"

እሺ አልኩ። ላስብበት ማለት አልነበረብኝም? አፌ ቀደመኝ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ለእማማ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። "ሻይ ልጨምርልዎት?" ብዬ ዘጋሁት።

እሁድ፣ ግንቦት 17

ከየት ልጀምር?

ለእማማ ከካሸሯ ጋር ፊልም ልናይ ነው አልኳቸው። "ባለፈው አላያችሁም?" "ይኼ ሌላ ነው።" ሰማያዊ ቀሚሴን ከላይ እስከ ታች አዩት። "እሺ፣ ደህና ግቢ" አሉ። ውሸት አያምርብኝም፣ አውቃለሁ።

እሱ ቀድሞኝ በር ላይ ቆሟል። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ አንደኛው እጅጌ ብቻ። ሳቄን ዋጥኩ።

ፊልሙ ተጀመረ። አላየሁትም እንዳለ ሰው መደንገጥ አለብኝ፤ ደነገጥኩ። እሱም ደነገጠ። ብቻ አንዳንዴ ፍንዳታው ሳይመጣ ነው የሚደነግጠው... ነገሩ አልገባኝም። አባትየው ገመዱን ጨብጠው ልጃቸውን ቀና ብለው ሲያዩ ግን ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ ዘረጋልኝ።

"ምነው? ገና አልለቀቋትም እኮ!" አልኩት።

ዞር ብሎ አየኝ። "አንቺ... አላየሁትም አላልሽም?"

"እርስዎስ?"

ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን። ሰው ሁሉ የሚያለቅስበት ቦታ ላይ እኛ በሳቅ እንፈርሳለን! ከኋላ ያለ ሰውዬ "ኧረ ጨዋነት!" ብሎ ተቆጣን። እሱ ከእህቱ ልጆች ጋር አይቶት ኖሯል። መሐረቡን የያዘው "ባለፈው እኔ ራሴ ቸግሮኝ ስለነበር" ነው አለኝ።

አንቺ እንዳለኝ ያስተዋልኩት ታክሲ ውስጥ ነው። ደስ አለኝ። በቃ፣ ደስ አለኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

መነጽሩ መላላት አቁሟል። አሁን ያለ ምክንያት ይመጣል። ካሸሯ ወንበር አዘጋጅታለታለች።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ጠየቀኝ። ሱቁ ውስጥ፣ ሰዓቶቹ ሁሉ ቀጭ ቀጭ እያሉ፣ በአንዱ ዓይኑ ላይ ማጉያውን እንዳደረገ። ማውጣቱን ረስቶታል።

"ብቻዬን መኖር ሰልችቶኛል። እንጋባ?"

ልቤ አዎ ይላል። አፌ ግን "አማቴን ጥዬ የትም አልሄድም" አለ።

"ማን ጥለሽ ነይ አለሽ?"

ግን የእሱ ፈቃድ ብቻ ምን ያደርጋል? የልጃቸው ሚስት ሌላ ባል ስታገባ ቁጭ ብለው ይዩ? በእሱ ቤት፣ በእሱ ጠረጴዛ ይብሉ? እንቢ ካሉ እኔም እቀራለሁ። ይህን ወስኛለሁ። ከወሰንኩ ታዲያ ለምን እንቅልፍ እንቢ አለኝ?

እሁድ፣ ሰኔ 8

ነገርኳቸው።

ልብስ እያጣጠፍን ነበር። አንሶላውን እሳቸው በዚያ በኩል፣ እኔ በዚህ በኩል ይዘን። "እማማ፣ አንድ ሰው..." ብዬ ጀመርኩና ቃል አጠረኝ።

"ሰዓት ሠሪው?" አሉ።

"እንዴት አወቁ?"

"ከካሸሯ ጋር ፊልም ሄድኩ ባልሽኝ ዕለት ካሸሯ እዚህ ደወለች፣ እትዬ አለች ወይ ብላ። ነገሩ ግራ ቢገባኝ ሰኞ መልሼ ደውዬ ጠየቅኳት። ያች ልጅ ደግሞ አፏ መቼ ተዘግቶ ያውቃል!"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! ሦስት ሳምንት ሙሉ አውቀው ዝም ብለውኛል።

አንሶላውን አጠፍን። አንዴ፣ ሁለቴ። እጃችን ሲገናኝ ጫፉን አልለቀቁልኝም።

"ልጄ ጥሩ ሰው ነበር" አሉ።

"በጣም እንጂ።"

"ይኼኛውስ?"

"ጥሩ ነው፣ እማማ።"

ዓይናቸው እንባ ሞላ። አንሶላው ላይ ጠረጉት፣ ገና የታጠበው ላይ። ተቀመጡ። እኔም ቆሜ ቀረሁ፤ በቃ አልኩ፣ ነገ እንቢ እለዋለሁ። እንዴት ብዬ እንደምነግረው ሁሉ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

"ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው?" አሉ።

"ምኑ?"

"ቤቱ ነዋ! ደረጃ ካለው ከአሁኑ ንገሪኝ፤ ጉልበቴን ታውቂው የለም?"

"ምድር ላይ ነው እማማ... ምድር ላይ ነው" እያልኩ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሁለቱንም ጉልበታቸውን አቀፍኳቸው።

"ኧረ ቀስ!" አሉኝ። "ያመኛል እያልኩሽ እኮ ነው!"